ሬዲዮ ውስጥ የገባችው ሴት

እናንተ ተማሪ ሳላችሁ ምን ያስፈራችሁ እንደነበር አላውቅም። አንዱን ሒሳብ ያስፈራዋል፣ ሌላውን የፈተና ደወል፣ ሌላውን ደግሞ ቁጡ አስተማሪ። እኔን ያስፈራኝ የነበረው የገዛ ድምፄ ነው። ዛሬ የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም፤ ለዚህ ነው ያችን እሑድ ከነዝርዝሯ ልጽፋት የተነሣሁት።

ስሜ ሰዓዳ ነው። ትውልዴ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ነው። አባቴ ጀልባ ይሠራል፣ ያረጀም ይጠግናል፤ ወንድሞቼ ዓሣ ያጠምዳሉ። ከቤታችን ሐይቁን ተሻግሬ ለትምህርት ባሕር ዳር የገባሁ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ እኔ ነበርሁ። ጊዜው የደርግ ዘመን ነው፣ የሰባዎቹ ዓመታት አጋማሽ ላይ። መምህራን በሚያሠለጥነው ኮሌጅ የባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ።

የሳይንስ ተማሪ የሆነ ሰው ያን ኑሮ ያውቀዋል። ጠዋት ኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ገብተን የአሲድ ሽታ በሻሻችን ይዘን እንወጣለን። ከሰዓት የእንስሳት ትምህርት አለ፤ ዛሬ የአንበጣ እግር ብንሥል ነገ የአምባዛ ጢም እንቆጥራለን። በመሀል የፖለቲካ ትምህርት አለ፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የኮሌጁን የጎመን መደብ መኮትኮት። የምግብ ካርዳችንን ይዘን ተሰልፈን ሳለ እንኳ የጉልባን ሰሃን ሳይደርሰን የላቲን ስሞች እንሸመድድ ነበር። በዚህ ሁሉ ጥድፊያ ውስጥ ለራሴ የማተርፋቸው ነገሮች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ዋና ነው፤ የሐይቅ ልጅ ስለሆንሁ ቅዳሜ ከሰዓት ውኃ ካልገባሁ ሳምንቱ ያለቀ አይመስለኝም። ሁለተኛው ቼዝ ነበር፤ በመዝናኛ ክፍሉ ወንዶቹን ማሸነፍ ደስ ይለኛል። ቼዝ ደግሞ መናገር አይጠይቅም።

ችግሬም ይኸው ነበር። ከአንድ ሰው ጋር ስሆን እናገራለሁ፣ እስቃለሁም። ከሦስት ሰው በላይ ፊት ከቆምሁ ግን ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። አፌ ይንቀሳቀሳል፣ ሰው ግን አይሰማኝም። መምህር ልትሆን ለምትማር ሴት ከዚህ የከፋ ነገር ምን አለ?

የማስተማር ዘዴ መምህራችን አቶ መኮንን ይባላሉ። እያንዳንዳችን በጓደኞቻችን ፊት ቆመን አንድ ክፍለ ጊዜ እንድናስተምር ያደርጋሉ፤ እሳቸው ከኋላው ወንበር ተቀምጠው ያዳምጣሉ። የኔ ርዕስ እንቁራሪትን ቀዶ የውስጥ አካሏን ማሳየት ነበር። ሌሊቱን ሳጠና ያደርሁትን ትምህርት ቆሜ አስተማርሁ። ስጨርስ አቶ መኮንን ወደ ቢሯቸው ጠሩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

“ልጄ፣ እውቀቱ አለሽ፤ ሥዕልሽም ጥሩ ነው” አሉኝ። “ነገር ግን ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጠውም ልጅ ሊማር ነው የመጣው። እኔ ዛሬ አንድ ቃል አልሰማሁም። ሰኞ ትደግሚዋለሽ። ያኔም ካልተሰማሽ የላቦራቶሪ ረዳት እንድትሆኚ ማመልከቴ አይቀርም።”

የላቦራቶሪ ረዳትነት ክፉ ሥራ አይደለም። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው አንድ ነገር ነበር። ጎርጎራ ሳለሁ ሳይንስ ያስተማረችኝ ሴት አልነበረችም፤ ለሌሎች ልጆች ያች ሴት እኔ ልሆን ነበር ሐሳቤ።

ይህን ጭንቀቴን የነገርሁት ለታምራት ነው። ታምራት የድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ የፊዚክስ ተማሪ፣ የቼዝ ጓደኛዬ ነበር። ቼዝ ግን አይችልም። ዓይኑ ሰሌዳው ላይ፣ ልቡ ሬዲዮ ላይ ነው። ያረጁ ሬዲዮኖች እየፈታ፣ ከአንዱ ነቅሎ በሌላው እየተከለ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጥግ የራሱን ድምፅ ማስተላለፊያ ሠርቶ ነበር። መናገሪያው ከተሰበረ ስልክ የወጣ ነው። ከአንድ ክፍል ተነግሮ በፊት ለፊቱ ሕንጻ በትንሽ ሬዲዮ ይሰማል፤ ከዚያ አያልፍም ብሎ በሒሳብ አስልቷል።

ነገሬን ሰምቶ ትንሽ አሰበና እሑድ ከሰዓት ነይ አለኝ። እኔ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ትምህርቴን አስተምራለሁ፣ እሱ ፊት ለፊት ካለው ክፍል በሬዲዮ ያዳምጠኛል። “አንቺ ማንንም አታይም፣ ማንም አያይሽም” አለኝ። “ድምፅሽ ካልደረሰኝ በመስኮት ምልክት እሰጥሻለሁ። አንዴ ድምፅሽ መውጫውን ካወቀ ሰኞም አይጠፋበትም።”

እሑድን የመረጠውም በምክንያት ነው። የዚያን ቀን ብሔራዊ ቡድናችን ከጎረቤት አገር ቡድን ጋር ይጫወት ስለነበር ሰው ሁሉ ሬዲዮ ሥር ነው፤ ግቢው ባዶ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። የታምራት ትንሽ ሬዲዮ መምረጫዋ ተጣብቆ ከአዲስ አበባ ጣቢያ ንቅንቅ አትልም ነበር። ስለዚህ ማስተላለፊያውን የሠራው በዚያው በአዲስ አበባ ጣቢያ የሞገድ ልክ ነው። ሩቅ ስለማይሄድ ማንን ይነካል ብሎ።

ግምጃ ቤቱ ውስጥ የተሰበሩ ሚዛኖችና አቧራ የለበሱ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። መናገሪያውን አፌ ላይ አድርጌ ጀመርሁ። “ውድ ተማሪዎች፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ እንቁራሪት ነው” አልሁ። ታምራት በመስኮት ብቅ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ አልተሰማኝም ማለቱ ነው። ደገምሁት። አሁንም ነቀነቀ። ሦስተኛውን ስሞክር ከመስኮቱ ጠፋ። በኋላ እንደነገረኝ ጥፋቱ የኔ ሳይሆን የማስተላለፊያው መስሎት አንቴና ሊያስረዝም ወጥቶ ነበር። ረጅም ሽቦ አምጥቶ አንዱን ጫፍ ከግምጃ ቤቱ መስኮት ከወጣው የማስተላለፊያው ሽቦ፣ ሌላውን ከኮሌጁ የሽቦ አጥር ጋር አሰረው። ያ አጥር ግቢውን ዞሮ እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ የሚሄድ፣ ከሰፈሩ ጓሮዎች ጋር የሚዋሰን አጥር ነው።

ተመልሶ በመስኮት ሁለት እጁን ዘረጋ። ቀጥዪ ማለቱ ነበር።

ስለ እንቁራሪት የሚለውን መግቢያ ሦስት ጊዜ ስላልሁት ወደ ሥራው ገባሁ። ታምራት በደስታ ሲዘል ሳየው ከውስጤ የሆነ ነገር ተፈታ። ባዶዎቹን ጠርሙሶች እንደ ተማሪ ቆጠርኋቸው፤ ድምፄ ከፍ አለ፤ እጄ ተነሣ። በሕይወቴ እንዲያ ተናግሬ አላውቅም። ቃል በቃል ያልሁት ይህ ነው፤

“አሁን ሁላችሁም ቢላዋችሁን አንሱ። አትፍሩ፤ ራሷን ስታለች፣ ምንም አይሰማትም። እጅና እግሯን ወጥራችሁ በእንጨቱ ላይ ቸንክሩ። ሆዷን ከታች ወደ ላይ በቀስታ ቅደዱ። ልቧ ገና ይመታል፤ እሱን ሳትጎዱ አውጡና ሰሃኑ ላይ አስቀምጡ። የሚፈራ ካለ ከጓደኛው ጋር ይሥራ። ነገ ደግሞ ሁላችሁም አንዳንድ ይዛችሁ ትመጣላችሁ።”

ከአጥሩ ወዲያ ምን እየሆነ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ቡድናችን ፍጹም ቅጣት ምት አግኝቶ፣ ሰፈሩ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ እያዳመጠ ሳለ የጋዜጠኛው ድምፅ ይጠፋል። በምትኩ አንዲት ሴት ረጋ ባለ፣ ጥርት ባለ ድምፅ ቢላዋ አንሱ ትላለች። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበሩት እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሚስቱ ሽንኩርት ትከትፍ የነበረች አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ቀስ ብሎ ተነሥቶ በረንዳ ላይ ወጣ አሉ። ልቧን አውጡ ሲባል አንዲት ባልቴት ልጃቸውን ከጓሮ ጠርተው በሩን ቀረቀሩ። የቀበሌው ሊቀመንበርም ቤታቸው ተቀምጠው ያንኑ ጨዋታ ያዳምጡ ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ትምህርቴን እስከ መጨረሻው ጨርሼ፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ ብዬ፣ ማስተላለፊያውን አጥፍቼ፣ ክንፍ አውጥቼ ወጣሁ። ፊት ለፊት ካለው ክፍል ስደርስ ታምራት የለም። ወንበሩ ወድቋል። ትንሿ ሬዲዮ ብቻ ስለ ኳሱ ታወራለች።

የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ የሺ እየሮጠች አገኘችኝ። የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ጠመንጃ ይዘው አጥሩ ላይ የታሰረውን ሽቦ እየተከተሉ ሲገቡ፣ ታምራት ግምጃ ቤቱ ሳይደርሱ ሮጦ ተቀብሏቸው እሱን ይዘውት ሄደዋል። ሬዲዮ ውስጥ የገባችው ሴት ማን ናት እያሉ ሲጠይቁት፣ ሴት አላውቅም፣ ዕቃዬን እየሞከርሁ ነበር ብሏቸዋል።

ለወጣት አንባቢዎቼ ይህ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ለኛ ግን ያ ክፉ ጊዜ ካለፈ ጥቂት ዓመታት ቢሆነውም ሰው ስሙን የሚጠራው በሹክሹክታ ነበር። በወረቀት ላይ ለተጻፈ አንድ ቃል ወጥተው ያልተመለሱ ልጆች በየሰፈሩ ነበሩ። የመንግሥትን ሬዲዮ አቋርጦ ሕዝብን ቢላዋ አንሱ ማለት ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለመገመት መማር አያስፈልግም።

የሺ በሩን ዘግታ አልጋው ላይ አስቀመጠችኝ። እሷ የምትለው ግልጽ ነበር። የጎርጎራ ጀልባ በማግስቱ ጠዋት ይነሣል፤ ተሳፍሬ ቤተሰቤ ዘንድ ልክረም። “እሱ ስምሽን አልጠራም፤ የሚያውቅሽ የለም” አለችኝ። “አንቺ ቀበሌ ብትሄጂ ሁለት ትሆናላችሁ እንጂ እሱ አይፈታም።”

እውነቷን ሊሆን ይችላል። ግን ስምሽን አልጠራም ያለችው ቃል ነው ያላስቀመጠኝ። አባቱ በየወሩ በባቡር ሠራተኞች እጅ እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በአውቶቡስ በርበሬ ቋጥረው የሚልኩለት፣ ቼዝ በተሸነፈ ቁጥር እየሳቀ ሰሌዳውን የሚያስተካክል ልጅ፣ እኔ እንድናገር ብሎ ታስሮ እኔ ዝም ልበል? ተነሥቼ ወደ ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ሄድሁ። ትልቁን የእንቁራሪት ሥዕል ጠቀለልሁ። ለሰኞ ያዘጋጀኋትን እንቁራሪት ከነሕይወቷ፣ ክዳኑ በተበሳ ጠርሙስ ያዝሁ። የሺ እብድ ነሽ አለችኝ፤ ግን እስከ ቀበሌው በር ድረስ አብራኝ መጣች።

በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ነው የሄድነው። ሻላ ወፎቹ ውኃው ላይ ተንሳፍፈው ነበር፤ የደንገል ታንኳ የያዘ ሰው እንጨት ጭኖ ከዘጌ በኩል ይመጣል። እኔ በውስጤ የምናገረውን እደጋግማለሁ። ስደጋግመው ድምፄ አለ። በሩ ጋ ስደርስ ጠፋ።

ዘቡ መሣሪያውን እንደያዘ አየኝና የጠቀለልሁትን ወረቀት አመለከተ።

“የምን ካርታ ነው?”

“የእንቁራሪት” አልሁ።

አልሰማኝም፤ ወይም የሰማው እውነት አልመሰለውም። ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ አየው፤ እንቁራሪቷም አየችው። ከዚያ ወደ አዳራሹ አስገባኝ።

አዳራሹ ግጥም ብሏል። ኳሱን የተነጠቁት ወንዶች፣ ቤታቸውን ቀርቅረው የመጡ እናቶች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ከነልጆቻቸው ተቀምጠዋል። ታምራት ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ጫማውንና ቀበቶውን አስወልቀውታል። ሲያየኝ ዓይኑን ዘጋ። ውጪ እያለኝ እንደሆነ ገባኝ። ኋላ ከግምጃ ቤቱ ያመጡት ማስተላለፊያ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሰዎች እንደ ፈንጂ ራቅ ብለው ያዩታል።

ሊቀመንበሩ ጓድ አያሌው ይባላሉ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፎርማን የነበሩ፣ ግንባራቸው የተቋጠረ የጎጃም ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን እሳቸውም ፈርተዋል። ነገሩን ካላጣሩ ነገ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ማን እንደሆንሁና ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ።

“ሬዲዮ ውስጥ የተናገርሁት እኔ ነኝ” አልሁ።

“ምን አልሽ?”

“እኔ ነኝ” አልሁ። የፊቱ ወንበር ላይ የነበሩት ብቻ ሰሙኝ። ከኋላ “ምን አለች?” “ምን አለች?” የሚል ጉምጉምታ ተነሣ።

ጓድ አያሌው ሬዲዮ ላይ ያልሁትን እንድደግመው አዘዙኝ። ሞከርሁ። ቢላዋ የሚለው ቃል እንደ ትንፋሽ ወጣ። አንድ ረጅም ሰውዬ ከኋላ ቆሞ፣ ይቺ አይደለችም አለ። ሌሎችም ደገፉት። ሬዲዮ ላይ የተናገረችው ደፋር ናት፣ ድምፅዋ እንደ ደወል ነው፤ ይቺ ምስኪን ለጓደኛዋ አዝና ነው የመጣች ተባባሉ። እናቶቹ በአዘኔታ አዩኝ።

ጓድ አያሌውም ራሳቸውን ነቀነቁ። “ልጄ፣ ለጓደኛ ማዘን ጥሩ ነው” አሉኝ። “ነገር ግን በማታውቂው ነገር አትግቢ። ወደ ትምህርትሽ ተመለሺ። እሱን ዛሬውኑ ወደ አውራጃ እናስተላልፈዋለን፤ ሴትዮዋ ማን እንደሆነች እዚያ ይናገራል።”

በሩ ክፍት ነበር። ዘቡ እንዳልፍ ገለል አለልኝ። ልብ በሉ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያሳፈረኝ ድምፅ ነፃ ሊያወጣኝ ነው። ዝም ብዬ ብወጣ ማንም አይከተለኝም። አውራጃ የሚለውን ቃል ሲሰማ ግን የታምራት ፊት አመድ ሲመስል አየሁት።

ከዚያ ያደረግሁትን አስቤ አላደረግሁትም። ወደ ፊት ሄድሁና ሥዕሉን ፈትቼ በግድግዳው ምስማር ላይ ሰቀልሁት። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ፣ ማስተላለፊያው አጠገብ አስቀመጥሁ። ከዚያ ከኋላ የቆመውን ረጅሙን ሰውዬ አየሁት። ለሱ መሰማት አለብኝ፤ እሱ ካልሰማኝ ታምራት ይሄዳል። ሌላ ነገር ከሐሳቤ ጠፋ።

“አሁን ሁላችሁም ቢላዋችሁን አንሱ” አልሁ።

አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ረጅሙ ሰውዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

“አትፍሩ። ራሷን ስታለች፣ ምንም አይሰማትም። እሷም ይቺ ናት” ብዬ ጠርሙሱን አነሣሁ። “እንቁራሪት ናት። ሰኞ ተማሪዎቼን የማስተምረው ይህን ነው።”

አላቆምሁም። ካቆምሁ እንደማልመለስ አውቃለሁ። በሥዕሉ ላይ እጄን እየጠቆምሁ ሆዷ የት እንደሚቀደድ፣ ጉበቷ የት እንደሆነ፣ ልቧ ሦስት ክፍል እንዳለው፣ የኛ ግን አራት እንደሆነ አስተማርሁ። በክሎሮፎርም ስለምትተኛ እንደማይሰማት፣ ልቧ ከወጣ በኋላም ለጥቂት ጊዜ እንደሚመታ ነገርኋቸው። የመጀመሪያው ሳቅ ከየት እንደመጣ አላየሁም። ሚስቱን ሸሽቶ በረንዳ የወጣው ሰውዬ ነው አሉ፤ ሚስቱም አብራው ነበረች። ሳቁ ወንበር ለወንበር ተላለፈ። ከዚያ በሩን የቀረቀሩት ባልቴት፣ እማማ ዘውዴ፣ ከፊተኛው ወንበር እጃቸውን አወጡ። እውነቴን ነው፣ እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ።

“ልጄ፣ ነገ ሁላችሁም አንዳንድ ይዛችሁ ኑ ያልሽውስ?”

“ለእያንዳንዱ ተማሪ አንዳንድ እንቁራሪት ያስፈልጋል፣ እማማ።”

“እሰይ። እኔ ሰው መስሎኝ” አሉ፤ ዘቡ ሳይቀር ሳቀ።

ጥያቄው በዚያ አላበቃም። አንዱ በሳንባዋ ከሆነ የምትተነፍሰው ውኃ ውስጥ እንዴት ትከርማለች አለ። ሌላዋ እርጉዝ ሴት እንቁራሪት ብትነካ ልጁ ላይ ኪንታሮት ይወጣል የሚባለው እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ጓድ አያሌው ራሳቸው ተነሥተው ሥዕሉን ቀርበው ካዩ በኋላ የኛ ልብ አራተኛ ክፍል ለምን እንደሚያስፈልገው ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስሁ። ድምፄ የት እንዳለ ማሰብ ረስቼ ነበር። ድምፄ መውጣቱ የገባኝ እማማ ዘውዴ ጠርሙሱን ሊያዩት ክዳኑን ሲከፍቱትና እንቁራሪቷ ዘልላ በጓድ አያሌው ወረቀት ላይ ስታርፍ “ተዉአት፣ አትንኳት” ብዬ ስጮህ ነው። አዳራሹ ሙሉ ታዘዘኝ።

ታምራት ተነሥቶ ስለ አጥሩ ሽቦ አስረዳ። አንድ የፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዕቃውን አገላብጦ አየና ልጁ እውነቱን ነው፣ ከሰፈር አያልፍም አለ። ሳቅ ሌላ፣ ኃላፊነት ሌላ ነው። ጓድ አያሌው ወደ ኮሌጁ ሰው ላኩ። የተማሪዎች ዲኑ መጥተው ለሁለታችንም ዋስ ሆነው ፈረሙ። ማስተላለፊያው ተፈትቶ ዕቃው ለኮሌጁ እንዲመለስ፣ ታምራት የቀበሌውን የተበላሸ ድምፅ ማጉያ እንዲጠግን ተወሰነ። እኔም በማታው የመሠረተ ትምህርት ክፍል ለሰፈሩ ሰው ስለ ጤና እንዳስተምር ታዘዝሁ።

“ፍጹም ቅጣት ምቱ ገብቶ ቢሆን ኖሮ” አሉኝ ጓድ አያሌው ሲሸኙን፣ “ይህ ሕዝብ አይምርሽም ነበር። ደግነቱ ሳተ።”

ከግቢው ስንወጣ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ልትወርድ ነበር። የሺ መሀላችን ገብታ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር። ታምራት ጫማውን በእጁ እንደያዘ ብዙ መንገድ ሄድን። ከዚያ ቆመና፣ “ሰዓዳ፣ ለምን መጣሽ? መውጫ ሰጥተውሽ ነበር እኮ” አለኝ።

“አንተ ለምን ስሜን አልጠራህም?” አልሁት።

ሰኞ ትምህርቱን ደገምሁ። አቶ መኮንን ኋላ ወንበር ተቀምጠው አዳመጡ። ወሬው ደርሷቸው ኖሯል፤ ስጨርስ፣ ከአጥር ወዲያ የተሰማ ሰው ኋላ ወንበር መሰማቱ አይገርመኝም ብለው ውጤቴን ጻፉ። ያን ማታ ወደ መሠረተ ትምህርቱ ስሄድ እማማ ዘውዴ ፊት ወንበር ይዘው ጠበቁኝ። እስክመረቅ ድረስ አላቋረጥሁም። ታምራት የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ ጠገነ፤ በኋላም የሺን አገባ፤ እኔ ሚዜ ሆንሁ።

ከዚያ በኋላ ደብረ ታቦር፣ ሞጣ፣ ኋላም ባሕር ዳር ሳይንስ ሳስተምር ኖርሁ። በየዓመቱ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው ኋላ ወንበር ተቀምጦ አንገቱን የደፋውን ልጅ ነው። አንባቢዬ፣ አንተም፣ አንቺም እንደዚያ ከሆናችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድፍረት አግኝቼ አይደለም የተናገርሁት፤ ያን ቀን እግሬ እስከ መጨረሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔን ያስጨነቀኝ ሁልጊዜ እንዴት እሰማለሁ የሚለው ነበር። የዚያን እሑድ ግን ለማን ነው መሰማት ያለብኝ አልሁ፤ ያኔ ድምፄ መንገዱን አገኘ። ጩኹ አልላችሁም። የምትናገሩለት ሰው ይኑራችሁ ነው የምላችሁ።

የዚያን ዓመት ኮሌጁ ለክረምት ሲዘጋ በጀልባ ወደ ጎርጎራ ተሻገርሁ። ወሬ ከጀልባ ይቀድማል። አባቴ ወደቡ ላይ ተቀብሎኝ ሻንጣዬን ተሸክሞ እየሄደ፣ ባሕር ዳር አንዲት ጅኒ ሬዲዮ ውስጥ ገብታ የሰው ልብ አውጡ እያለች ሰፈር ስታምስ ሰነበተች ይባላል፣ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ቆም አልሁና፣ “አባ፣ ያች እኔ ነኝ” አልሁት።

ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። ከራሴ እስከ እግሬ አየኝ። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርሁት፤ ስለ ጠመንጃውም፣ ስለ አውራጃውም አልደበቅሁትም። ሰምቶ ሲጨርስ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ።

“ያ ሁሉ ሰው ሰማሽ?” አለኝ።

“ሰማኝ፣ አባ። ኋላ የቆመው ሳይቀር።”

“አልሐምዱ ሊላህ” አለና ሻንጣዬን መልሶ ተሸከመ።